መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ 34% ላይ ድርግም ይላል፤ ችግሩ ባትሪው ነው ወይስ ሴቲንጉ?

ሒሳብ_በእጄ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ) ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ 5490 ነው፣ ዊንዶውስ 10። ሥራዬ የሱቆችና የትናንሽ ድርጅቶች ሒሳብ ስለሆነ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል ቀኑን ሙሉ እንደተከፈቱ ይውላሉ፤ ክሮምም አይዘጋም። ጠዋት ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ማታ ይነቀላል። መብራት እስካለ ድረስ ምንም አይለውም።

መብራት ሲሄድ ግን «2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቀርቷል» ብሎ ያጽናናኛል፤ ትንሽ እንደሠራሁ 60% ይሆናል፤ ከዚያ 34 ላይ እያለ ማስጠንቀቂያ እንኳ ሳይሰጥ ድርግም። ፒችትሪ ተከፍቶ እንዲህ ሲጠፋ ምን እንደሚያስፈራ የሒሳብ ሰው ያውቀዋል።

ባትሪው አልቆለት ነው? ሌላው፣ አንዳንዱ «ሁሌ አትሰኪው» ይለኛል፣ አንዳንዱ «80% ላይ አስቁሚው» ይለኛል። 80 ላይ ካስቆምኩት መብራት በጠፋ ቀን ያቺ 20 ከየት ትመጣልኛለች? ባትሪ ሴቨር የሚባለውስ የምር ይጠቅማል ወይስ ስክሪን ከማደብዘዝ አያልፍም?

---

አቦል_በረካ (ደሴ፣ ፒያሳ) ማክሰኞ ማታ 3፡41

ባትሪውን አውጥተሽ በቻርጀር ብቻ ተጠቀሚ፣ ገላገልሽ።

---

ኮድ_ጸሐፊ (ኮምቦልቻ) ማክሰኞ ማታ 3፡55

@አቦል_በረካ ወንድሜ፣ ያ ምክር ባትሪው ከኋላ በሁለት መያዣ ይወጣ ለነበረበት ዘመን ነው። በዚህ ሞዴል ባትሪው ከታችኛው ክዳን ስር በብሎን ታስሯል። ቢወጣስ? መብራት በሄደበት ቅጽበት ማሽኑ አብሮ ይሄዳል። 34 ላይ የሚጠፋው ይሻላታል።

---

የድሮ_ጠጋኝ (ደሴ) ማክሰኞ ማታ 4፡30

እህቴ፣ በግምት አንሂድ፤ ማሽኑ ራሱ ይናገር። ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለሽ ፈልጊና ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፒ-ኦ-ደብሊው-ኢ-አር-ሲ-ኤፍ-ጂ ሳትነጣጥዪ ጻፊ፤ አንድ ክፍት ቦታ ተዪ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ያጋደለችውን ስላሽ፤ ከስላሿ ጋር አያይዘሽ ባተሪሪፖርት የሚለውን እንደ አንድ ቃል። ኢንተር ስትይው ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ይነግርሻል፤ በክሮም ይከፈታል። ከውስጡ ሁለት ቁጥር ላኪልን፦ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ።

---

ሒሳብ_በእጄ ረቡዕ ጠዋት 2፡10

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሠራ። ዲዛይን ካፓሲቲ 68,000፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ 29,640 ይላል። ሳይክል ካውንት (ስንት ጊዜ ሞልቶ እንዳለቀ) በሚለው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።

---

የድሮ_ጠጋኝ ረቡዕ ጠዋት 3፡05

ሰረዙ አያሳስብሽ፤ ብዙ ማሽን ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። ቁጥሮቹ በሚሊዋት-ሰዓት ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጣ 68 ዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረው አሁን 30 አይሞላም፤ 44 በመቶ ገደማ ቀርቶታል ማለት ነው። ላፕቶፕሽ «100%» ሲልሽ የዛሬውን 100 እንጂ የድሮውን አይደለም።

አሁን ወደ 34ቱ። እሱ ቁጥር ግምት ነው። ባትሪው ውስጥ ያለች ቺፕ የገባና የወጣውን ኤሌክትሪክ እየቆጠረች ነው የምታሰላው። ከርሞ ከርሞ ከ100 ወርዶ በማያውቅ ባትሪ ላይ ቆጠራዋ እየሳተ ይሄዳል። በዚያ ላይ ያረጀ ሴል ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የደከመ በቅሎ ሜዳው ላይ ደህና ሄዶ ዳገት ሲጀምር እንደሚቆመው፣ ፒችትሪ ሪፖርት ሲያወጣ ፕሮሰሰሩ ድንገት ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መከላከያ ሰርኪዩቱ ይቆርጠዋል። ባትሪው ውስጥ የቀረ ኃይል አለ፤ በዚያ ፍጥነት መስጠት ግን አቅቶታል።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ይኸው፦ ዊንዶውስ 10 ላይ ባትሪ ሴቨር ካልነካሽው የሚነሳው 20% ላይ ነው። ማሽኑ ሥራሽን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ራሱን የሚያጠፋው ደግሞ 5% አካባቢ። ያንቺው 34 ላይ ይሞታል። ሁለቱም ዘበኞች ሳይነሱ ሌባው ገብቶ ወጥቷል!

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳትገዢ፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ከስር አድቫንስድ የሚለው። ዝርዝሩ ውስጥ ባተሪ የሚለውን ክፈቺ። ሎው ባተሪ ሌቭልን 50 አድርጊ፣ ክሪቲካል ባተሪ ሌቭልን 40፣ ክሪቲካል አክሽን የሚለውን ሃይበርኔት። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፤ ሎው ከክሪቲካል በላይ ካልሆነ ላይቀበልሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ 40 ሲደርስ ፒችትሪሽ እንደተከፈተ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ መብራት ሲመጣ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ።

ሃይበርኔትና ስሊፕ ይለያያሉ። ስሊፕ ሥራሽን ራም ላይ ይዞ ራሙን በባትሪ ያቆየዋል፤ ባትሪው ካለቀ ሥራውም ያልቃል። ሃይበርኔት ሁሉን ዲስክ ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ፓወር ሜኑው ላይ ካላገኘሽው «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ከሚለው ገብተሽ ሳጥኑን ምልክት አድርጊበት።

---

ሒሳብ_በእጄ ረቡዕ ጠዋት 3፡40

40ውን አስገባሁት። የቆጠራውን መሳት ግን ማስተካከል አይቻልም?

---

የድሮ_ጠጋኝ ረቡዕ ጠዋት 3፡52

ይቻላል። እሑድ ሥራ በሌለሽ ጊዜ 100 ድረስ ሙዪው፣ እንደተሰካ ትንሽ ይቆይ፣ ነቅለሽ ቀላል ነገር እየሠራሽ ራሱን ሃይበርኔት እስኪያደርግ ልቀቂው፣ ከዚያ ሳታቋርጪ መልሰሽ ሙዪ። ለዚያች ቀን ብቻ ክሪቲካሉን ወደ 5 መልሺው፣ ፒችትሪንም ዝጊ። ቺፗ ታችና ላዩን ስታየው ግምቷን ታርማለች። የሞተ ሴል ግን አይነሳም። በየሳምንቱም አይደረግ፤ ሊቲየም ባትሪ እስከ ታች መውረድ አይወድም።

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሰካ»፣ «ሳያልቅ አትሙላ» የሚባለው የኒኬል ባትሪ ዘመን ቅሪት ነው። ሶኒ ሊቲየም አዮንን ገበያ ላይ ያወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ምክሩ ግን ዛሬም በየሱቁ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሸጣል።

---

የቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ) ረቡዕ ቀን 6፡30

እናንተ ደሴዎች ስለ ባትሪ ስታማርሩ ይገርመኛል። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ስር፣ የተፈጥሮ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምትኖሩት። እኛ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን መንካት ያቃጥላል። ሊቲየም ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ መጠቀም ባትሪውን በቋሚነት ሊጎዳ እንደሚችል አፕል ራሱ ጽፎታል። ላፕቶፑ ውስጥ ደግሞ ከክፍሉም በላይ ይሞቃል።

---

መርየም_ሆጤ (ደሴ) ረቡዕ ቀን 7፡02

አብሽር ወንድሜ፣ ደሴም ቢሆን ሰው ሲበርደው ምን እንደሚያደርግ አላየህም። ጋቢ ተከናንቦ፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ አስቀምጦ፣ «እንዲያውም ያሞቀኛል» ይልሃል። የአየር ማስገቢያው ከታች ነው፤ ጋቢው ደፍኖታል፤ ፋኑ ይጮሃል። ወላሂ እህቴ ቤት ያየሁት ይሄ ነው። ከፍታውም ራሱ ትንሽ ድርሻ አለው፦ ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፋን በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜው ያካክሰዋል፣ ቀዳዳው ካልተደፈነ።

---

የቦርከና_ዳር ረቡዕ ቀን 7፡10

ተቀብያለሁ። ጋቢውን አልቆጠርኩትም ነበር።

---

ኮድ_ጸሐፊ ረቡዕ ማታ 1፡15

ስለ 80% የተጠየቀው ሳይመለስ ቀረ። አንድ ሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በዚያ ቮልቴጅ ላይ በቆየ ቁጥር ባይሠራም ያረጃል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። «100% ላይ ተሰክቶ፣ ሞቆ፣ ቀኑን ሙሉ» የሚለው የእህታችን አጠቃቀም ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጓል። ትርፍ ኤሌክትሪክ ገብቶበት አይደለም፤ ቻርጅ ማድረጉን ማሽኑ ራሱ ያቆማል።

ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጭነሽ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ) ግቢ። ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ፕራይመሪ ባተሪ ቻርጅ ኮንፊገሬሽን አለ። ከስታንዳርድ፣ ከኤክስፕረስና ከሌሎቹ ምርጫዎች መካከል ከስተም የሚለውን ምረጪና ስታርት 70፣ ስቶፕ 80 ስጪው። ሌኖቮ ያለው ሰው ቫንቴጅ ፕሮግራም ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድ ያገኛል፤ የቅርብ ኤችፒዎች ደግሞ ባዮስ ውስጥ ባተሪ ሄልዝ ማኔጀር አላቸው።

---

ሸርፍ_ተራ_ነጋዴ (ደሴ) ረቡዕ ማታ 1፡48

ይሄ 80% ነገር መብራት ለማይጠፋበት አገር ሰው ነው የተሠራው። እኔ ባትሪ የምፈልገው ከሦስት ዓመት በኋላ ላለው ቀን ሳይሆን ለዛሬ ከሰዓት ነው። መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ከተማ ሆን ብዬ አንድ አምስተኛውን ልተወው? አልስማማም።

---

ኮድ_ጸሐፊ ረቡዕ ማታ 2፡05

ያልከው ተራ ነገር አይደለም፤ ለእሷ አሁን ለያዘችው ባትሪ እኔም አንተን እደግፋለሁ። ያለቀለትን ባትሪ ማቆየት ምንም አይረባም፤ 100 ሞልታ እስኪቀየር ትጠቀምበት። ጥያቄው አዲሱ ሲገባ ነው። የ68ቱ 80 በመቶ 54 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ዛሬ 100% ብሎ ከሚይዘው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። መብራት እንደሚጠፋ በተነገረበት ሳምንት ወደ 100 ትመልሰዋለች።

---

ሸርፍ_ተራ_ነጋዴ ረቡዕ ማታ 2፡20

«በተነገረበት» አልክ 😀 እሺ፣ ለአዲሱ ባትሪ 90 ላይ እንታረቅ።

---

ኮድ_ጸሐፊ ረቡዕ ማታ 2፡22

90ም ከ100 ይሻላል። ታርቀናል።

---

መርየም_ሆጤ ረቡዕ ማታ 2፡50

ሁላችሁም የምታወሩት ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ምን ያህል እንደሚበላስ? ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ዋት-ሰዓቱን ለዋት ማካፈል። የእሷ 29.6 ማሽኑ 15 ዋት ከበላ 2 ሰዓት አይሞላም። ፍጆታው ወደ 8 ቢወርድ ያው ያረጀ ባትሪ 3 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ባትሪ ሳይቀየር የሚገኝ ትርፍ ነው። ፍጆታውን በቁጥር ማየት የፈለገ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቻርጀሩ ሲነቀል ስንት ዋት እየወጣ እንደሆነ ያሳያል፤ አንድ ነገር እየዘጉ ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ከማንም ምክር በላይ ያስተምራል።

ከሁሉ በፊት ስልኩን ንቀዪ። መብራት ሲጠፋ የኛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ላፕቶፑ ላይ መሰካት ነው። ተራ ዩኤስቢ ቀዳዳ እስከ 2.5 ወይም 4.5 ዋት ለስልኩ ይሰጣል። ማሽኑ በ8 ዋት እየሠራ ከሆነ ይሄ ግማሽ ሊሆን ነው። ዳታ በዩኤስቢ የምትወስጂ ከሆነም እንደዚያው ነው፤ ስልኩ ኢንተርኔት እየሰጠሽ ባትሪሽን ይጠጣል። ለመብራት ጊዜ በዋይፋይ ሆትስፖት አድርጊው፣ ስልኩ ከራሱ ይብላ።

ከዚያ ስክሪን። ሒሳብ ለመሥራት ሙሉ ብራይትነስ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ከሆንሽ 30 እና 40 መካከል ይበቃል። የኪቦርድ መብራት ካለው አጥፊው።

ከዚያ ክሮም። ስንት ታብ ተከፍቶ እንደሆነ አልጠይቅሽም። የቪዲዮ ማስታወቂያ ያለበት አንድ ገጽ ብቻውን ፕሮሰሰሩን ሲያስሮጥ ይውላል።

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አያውቃትም። ጋሼ ባሳዩሽ አድቫንስድ ዝርዝር ውስጥ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት፣ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት፣ «ኦን ባተሪ» የሚለውን ከ100 ወደ 99 አድርጊው። በአንድ ቁጥር ምን ይለወጣል እንዳትዪ፤ 99 ሲባል ኢንቴሉ ቱርቦውን፣ ማለትም ለአፍታ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ አያነሳም። ያ ድንገተኛ ዝላይ ሲቀር፣ ጋሼ ያሉት 34 ላይ ቮልቴጅ የሚጥለው ነገርም ይቀንሳል። ፒችትሪ ሪፖርት ሲያወጣ ትንሽ ይዘገይብሻል፣ ታገሺው።

---

የድሮ_ጠጋኝ ረቡዕ ማታ 3፡10

ማሻ አላህ። የ99ኟን ልጽፍ ነበር፣ ቀደምሽኝ።

ባትሪ ሴቨርም ማደብዘዝ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ሆነው ኢሜይል የሚያመሳስሉትንና አፕዴት የሚያወርዱትን ይገታል። 20 የሚለውን ስላይደር ወደ 100 ግፊው፣ ቻርጀር እንደተነቀለ ይነሳል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሄድ ካሰብሽ ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ከሆነ ማሽንሽ ይቀበለዋል፤ የ10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። እዚያ አዲሱ ቨርዥን ላይ ስሙ ኢነርጂ ሴቨር ሆኗል።

---

ሐረጎ_ተመላላሽ (ደሴ–ኮምቦልቻ) ሐሙስ ጠዋት 1፡30

ጣልቃ ልግባና፣ እኔ በየቀኑ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የምመላለስ ተማሪ ነኝ። ደሴ ላይ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ቦርሳው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል፣ ባትሪውም ተበልቷል። ላፕቶፑ አዲስ ነው።

---

ኮድ_ጸሐፊ ሐሙስ ጠዋት 2፡00

አዲስ ስለሆነ ነው። የቅርብ ጊዜ ላፕቶፖች ስሊፕ ሲሉ እንደ ስልክ ግማሽ ንቁ ሆነው ነው የሚቆዩት፤ ሞደርን ስታንድባይ ይባላል። ቦርሳ ውስጥ ሆነው ኔትወርክ ይፈልጋሉ፣ አፕዴት ይጀምራሉ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «ክዳን ሲዘጋ» የሚለውን ሃይበርኔት አድርገው፣ ይገላግልሃል። ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል።

---

አቦል_በረካ ሐሙስ ቀን 5፡20

ስታቢላይዘር ግዢም በሏት እንጂ። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ባትሪውን የጨረሰው።

---

የድሮ_ጠጋኝ ሐሙስ ቀን 5፡45

አይ ልጄ። ቻርጀሩን ገልብጠህ እየው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። መብራት ቢደክም ቻርጀሩ ራሱ አመቻችቶ ለላፕቶፑ ያችኑ 19.5 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ ባትሪው ከፍ ዝቁን አያየውም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው ዝላይ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ፣ ሲመጣ እስኪረጋ ጠብቃችሁ ሰኩ። ዋጋ የለውም፣ ቻርጀርና ቦርድ ያድናል።

ዴል ያላችሁ ሌላም ልብ በሉ። የቻርጀሩ ጫፍ መሐል ያለችው ቀጭን ሽቦ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለማሽኑ ትነግራለች። ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ኮፒ ከሆነ ማሽኑ ቻርጀሩን አላወቅሁትም ይላል፣ ባትሪ አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ይንቀራፈፋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ባትሪ ሲገዛ አይቻለሁ።

---

ሒሳብ_በእጄ ሐሙስ ማታ 2፡30

ዛሬ ከሰዓት መብራት ሄዶ ነበር። ስልኩን ነቅዬ፣ 99 አድርጌ፣ ብራይትነሱን 35 ላይ አውርጄ፣ ክሮም ዘግቼ ሠራሁ። 40 ላይ ሲደርስ ራሱን ሃይበርኔት አደረገ፤ ከበፊቱ በጣም ቆይቷል። ሲነሳ ፒችትሪ እንዳለ ነበር። ሁላችሁንም ያክብርልኝ!

ባትሪውን ግን መቀየሬ አይቀርም። ጋሼ፣ ፒያሳ ብሄድ ኮፒና ኦሪጅናሉን በምን ልለይ? ሻጩ ሁሉንም «ኦሪጅናል ነው» ማለቱ አይቀርም።

---

የድሮ_ጠጋኝ ሐሙስ ማታ 3፡15

በተለጣፊው አትለዪውም፣ እሱን ማንም ያትመዋል። ከመሄድሽ በፊት ክዳኑን አስከፍተሽ አሮጌው ላይ ያለውን የሞዴል ኮድ በስልክሽ አንሺ፤ ለዚህ ማሽን 51ም 68ም ዋት-ሰዓት አለ፣ 68ቱን ጠይቂ። በዚያው ባትሪው አብጦ እንደሆነ እዪ። የማውስ ፓዱ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ ካልገጠመ ያበጠ ነው፤ ያን ጊዜ ማስተካከል የለም፣ አይሰካም፣ አይወጋም፣ ወዲያው ይወጣል።

ሲገጠምልሽ እዚያው ቆመሽ ያንን ሪፖርት አውጪ። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲው ከዲዛይኑ በጣም ካነሰ ያገለገለ ነው የተሸጠልሽ። ቁጥሩ ካማረ ግን ወዲያው አትመኚው፤ ኮፒ ባትሪ ውስጥ ያለችው ቺፕ የፈለጉትን ቁጥር እንድትናገር ተደርጋ ልትሠራ ትችላለች። ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተነጋገሪ፣ ቤት ወስደሽ ሞልተሽ ነቅለሽ ሥሪበት። መርየም ባለችው ፕሮግራም የሚወጣውን ዋት እዪ፣ የቆየበትን ሰዓት አባዢው። 68 ተብሎ የተሸጠ ባትሪ ሲባዛ 35 ከሰጠ፣ መልሺለት።

---

ሐረጎ_ተመላላሽ ሐሙስ ማታ 3፡40

በዚያው ፓወር ባንክ ልጠይቅ። 20,000 ሚሊአምፒር የተባለው ላፕቶፕ ይሞላል?

---

ኮድ_ጸሐፊ ሐሙስ ማታ 3፡58

20,000ው የሚሰላው በ3.7 ቮልት ነው፣ 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ የሚባክነው ተቀንሶ እንደ ላፕቶፕህ መጠን አንድ ጊዜ ገደማ ይሞላልሃል። ግን ላፕቶፕህ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚሆን መሆን አለበት፣ ፓወር ባንኩም ፓወር ዴሊቨሪ (በታይፕ ሲ ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥበት አሠራር) ያለውና 45 ወይም 65 ዋት የሚያወጣ። 20 ቮልት የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ ፈልግ። የስልኩ ዓይነት 18 ዋት ብቻ የሚሰጠው ከሆነ ማሽኑ ጨርሶ ላይቀበለው ይችላል። 50,000 ተብሎ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ካሳዩህ ደግሞ ዝም ብለህ እለፍ።